ምእመን ማለት የታመነ ማለት ነው
ስለ መሐላና ስለ ዕለት ንግግር፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቁጥር 33 እስከ 37

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራ ላይ ባስተማረው ትምህርት ስለ ነፍስ መግደል፥ ስለ ማመንዘርና ሚስትን ስለ መፍታት ከተናገረ በኋላ ነገሩን ወደ ሰው አፍ ይመልሰዋል። ለቀደሙት ሰዎች በሐሰት እንዳይምሉ፥ ለእግዚአብሔር የተሳሉትንም እንዲፈጽሙ ታዝዞ ነበር፤ ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 12፥ በኦሪት ዘዳግምም ምዕራፍ 23 ከቁጥር 21 ጀምሮ ይገኛል። እርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ከመሐላ ጨርሶ ከለከላቸው፤ ሰማይንም ቢሆን ምድርንም ቢሆን፥ ኢየሩሳሌምንም ቢሆን የገዛ ራሳቸውንም ቢሆን ለመሐላ እንዳይጠሩ አዘዘ። በመሐላ ፈንታ የተወላቸው ሁለት ታናናሽ ቃላት ናቸው፤ አንዱ እወ ነው፥ ሁለተኛው አልቦ ነው፤ በአማርኛ አዎንና አይደለም ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው ጌታ ስለ ታናሽ ነገር የተናገረ ይመስለው ይሆናል፤ ነፍስ ከመግደል ጋር የአፍ ልማድ ምን ኅብረት አለው ይል ይሆናል። ነገር ግን ትእዛዙ የተሰጠው ስለ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉን ስለሚናገረው ሰው ነው። ክርስቲያን በሃይማኖቱ ምእመን ተብሎ ይጠራልና፥ አስቀድሞ የዚህ ስም ፍቺ ሊመረመር ይገባል።

ስለ ምእመን ስም

ምእመን የሚለው ስም አምነ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። ከዚሁ ግስ እምነት ይወጣል፤ አማንም ይወጣል፥ አማን እውነት ማለት ነው፥ በአማን ሲል በእውነት ማለት ነው። ታማኝ የሚባለው አደራ የሚጣልበት ሰውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በጸሎት ፍጻሜ የሚባለው አሜን ደግሞ በዕብራይስጥ የዚህ ግስ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ምእመን ማለት በእግዚአብሔር ያመነ ማለት ነው፤ አንድም በሰው ዘንድ የታመነ ማለት ነው። ሁለቱ ፍቺዎች እንደ ሥርና እንደ ፍሬ ናቸው። እግዚአብሔርን ማመን ሥር ነው፤ በልብ ውስጥ ያለ ነውና ሰው አያየውም። መታመን ፍሬ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይቀምሰዋል። እግዚአብሔርን አምናለሁ የሚለውን ሰው ጎረቤቱ የማያምነው ከሆነ፥ ምእመን የተባለበት ስም በግማሽ ጎደለ።

ስሙን የጠሩት ለምን ነው

የኢትዮጵያ ክርስቲያን የዕለት ንግግሩ በእግዚአብሔር ስም የተመላ ነው። እንዴት አደርህ ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ የተደረገለትን ሲያመሰግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፤ የታመመውን ሲጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ስለ ሞተው ሲሰማ «ነፍስ ይማር» ይላል። ይህ አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ታላቅ ሀብት ነው፤ መጽሐፍ ያላነበበ ሰው እንኳ በዚህ ቋንቋ ሲያድግ ሕይወትና ሞት ከማን እጅ እንደ ሆነ ይማራል።

ነገር ግን በዚያው አፍ ሌላ ልማድ አብሮ ገባ። ሰው ሲገዛና ሲሸጥ፥ ሲበደርና ሲያበድር፥ ሲጠራና ሲቀር «ማርያምን» ይላል፤ «ሚካኤልን»፥ «ገብርኤልን»፥ «ጊዮርጊስን» ይላል፤ በማዕድ ላይ እንደ ሆነ «ይህን እህል» ይላል፤ «አባቴ ይሙት»፥ «ልጄ ይሙት» ይላል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን «ምኒልክ ይሙት» እየተባለ በንጉሥ ስም ይማል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ይህ መሐላ ከብዙ ሰው አፍ ቶሎ አልጠፋም።

ገበያ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ በጆሮው ይሰማል። ቅቤ የምትሸጠው ሴት «ማርያምን፥ በዚህ ዋጋ ምንም አይተርፈኝ» ትላለች፤ ገዢውም «ሚካኤልን፥ ከዚህ በላይ አልያዝሁም» ይላል። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ እርሷ ዋጋውን ትቀንሳለች፥ እርሱም ከሌላው ኪሱ ብር ያወጣል፤ ሁለቱም ፈገግ ብለው ይለያያሉ። በዚያች ጥቂት ጊዜ የእመቤታችንና የመልአኩ ስም ለሁለት ሐሰት ምስክር ሆኖ ቆመ፤ ከሁለቱ አንዱ ስንኳ በደል የሠራ አይመስለውም። ዛሬም በስልክ የተጠራ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ «ማርያምን፥ ደርሻለሁ» ይላል፤ የሚጠብቀው ሰው በፀሐይ ይቆማል።

ይህ ልማድ ከክፋት ብቻ የተወለደ አይደለም። ሰው በናቀው ነገር አይምልምና፥ ሕዝቡ የሚምለው ከሁሉ አብልጦ በሚያከብረው ስም ነው። ኀዘኑ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ የተከበረ በመሆኑ ለሐሰት መሸፈኛ ሆኖ ተመረጠ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 9 እና 10 የሚወቅሰው ይህንኑ የመሰለውን ነገር ነው፤ አንዱ አፍ ምስጋናና እርግማን የሚወጡበት መሆኑ ተገቢ እንዳልሆነ ያስተምራል።

የንባቡ ፍቺ

ሰማይን፥ ምድርን፥ ኢየሩሳሌምን፥ ራስን እየለየ መጥራቱ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ በዚያ ዘመን የነበሩ አንዳንድ መምህራን መሐላን በደረጃ ከፍለውት ነበርና ነው። በቤተ መቅደስ የማለ ዕዳ የለበትም፥ በቤተ መቅደሱ ወርቅ የማለ ግን ይያዛል ይሉ ነበር፤ በመሠዊያው የማለ ዕዳ የለበትም፥ በመሠዊያው ላይ ባለው መባ የማለ ግን ይያዛል ይሉ ነበር። ጌታ ይህን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከቁጥር 16 እስከ 22 ነቅፎታል። እንዲህ ያለው ሥርዐት ለሐሰተኛ መውጫ በር ሆነው፤ የሚሰማው ሰው መሐላ የሰማ ይመስለዋል፥ ማዩ ግን ያልማለ ያህል ሆኖ ይሄዳል።

ጌታ ይህን በር ዘጋው። ሰማይም ምድርም ቅድስት ከተማም የእግዚአብሔር ናቸውና፥ ማንኛውንም ቢጠሩ ነገሩ ወደ ባለቤቱ መድረሱ አይቀርም። የገዛ ራስ እንኳ የሰውየው አይደለም፤ ከጠጕሩ የአንዲቱን መልክ መለወጥ አይቻለውምና። «አባቴ ይሙት» የሚልም እንዲሁ ነው፤ የአባቱ ሞትና ሕይወት በእጁ የለም። የሰው በሬ ለዕዳው መያዣ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ሌባ ይባላል፤ የአባቱን ነፍስ ለቃሉ መያዣ የሚሰጥ ምን ይባል?

አዎን ሁለት ጊዜ፥ አይደለምም ሁለት ጊዜ መነገሩ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ አንደኛው አዎን የልብ ነው፥ ሁለተኛው የአፍ ነው፤ ልብና አፍ ይስማሙ ሲል ነው። አንድም አንደኛው ዛሬ የሚነገረው ነው፥ ሁለተኛው ነገ በሥራ የሚታየው ነው፤ ዛሬ እሰጣለሁ ያለ ነገ ይስጥ ሲል ነው። አንድም አንደኛው በባለጸጋ ፊት ነው፥ ሁለተኛው በድኻ ፊት ነው፤ በጌታው ፊት አዎን ያለውን በአሽከሩ ፊት አይደለም አይበል ሲል ነው።

አይደለምም እንዲሁ ነው። ሊያደርገው የማይችለውን ነገር አይሆንልኝም ማለት ያፈረ ሰው «እሺ፥ ነገ» ብሎ ይሰድዳል። የጠያቂውን ፊት ላለማሳዘን የተናገረው እሺ የጠያቂውን ወር ይበላል። ፊት ለፊት የተነገረ አይሆንም ያሳዝናል እንጂ አይገድልም፤ ድኻው ሌላ በር ለማንኳኳት ጊዜ ያገኛል። «እሺ፥ ነገ» ግን በአንድ ደጅ አስጠንቶ ያስቀረዋል።

ከአዎንና ከአይደለም አልፎ የሚጨመረው ከክፉው ነው መባሉም፥ ክፉው የተባለው ዲያብሎስ ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ቁጥር 44 የሐሰት አባት ተብሎአልና። አንድም ክፉው በሰውና በሰው መካከል የገባው አለመተማመን ነው። ሰው ሁሉ እውነት ቢናገር ኖሮ መሐላን የሚፈልግ ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ በየቃሉ የሚምል ሰው ሳያውቅ በራሱ ላይ ይመሰክራል፤ ስምል እመኑኝ ሲል፥ ሳልምል አትመኑኝ ማለቱ ነውና።

የመሐላ ፍሬ

ቅዱስ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጌታውን ሦስት ጊዜ እንደ ካደ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ከቁጥር 69 እስከ 75 ተጽፎአል። በመጀመሪያ ጊዜ ካደ እንጂ አልማለም። በሁለተኛው ጊዜ ምሎ ካደ። በሦስተኛው ጊዜ መሐላውም አልበቃውም፥ ራሱን እየረገመ ማለ። ሐሰት ብቻውን መቆም አይችልምና መሐላን ደገፋ አደረገ፤ አንዱ ደገፋ ባልበቃው ጊዜ ሌላ ጨመረ። በዚያ የቆሙት ሰዎች ግን ከመሐላው ይልቅ አነጋገሩን አመኑ፤ የገሊላ ሰው መሆኑን ቋንቋው ገልጦበታልና። የአገር ልጅነት በንግግር እንዲታወቅ የክርስቶስ ወገንነትም በንግግር ይታወቃል። ጴጥሮስ ይህን ባሰበ ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ አለቀሰ፤ በዚያ ዕንባ ተመለሰ።

ሄሮድስ ደግሞ በልደቱ ቀን በእንግዶቹ ፊት ለዘፋኟ ብላቴና የለመነችውን ሁሉ እሰጣለሁ ብሎ ማለ፤ ይህም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይገኛል። የመጥምቁን ራስ በለመነችው ጊዜ አዘነ፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና ስለ እንግዶቹ ሲል ጻድቁን አስገደለ። ቤተ ክርስቲያን መስከረም 2 ቀን የምታስበው ይህን ሞት ነው። ንጉሥ ሳኦልም በጦርነት ቀን እስከ ማታ እህል የሚቀምስ ርጉም ይሁን ብሎ ሠራዊቱን አማለ፤ ሕዝቡ በራብ ደከመ፥ መሐላውን ያልሰማው ልጁ ዮናታንም ማር በመቅመሱ ሊሞት ደረሰ፤ ያዳነውም ሕዝቡ ነው፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 እንደ ተጻፈ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለው ተረት በሁለቱ ነገሥታት ታየ። ቃሉ ሲወጣ ቀላል ነበር፤ ለመመለስ ግን የሰው ነፍስ ተጠየቀበት።

የነገሥታት ብቻ አይደለም። አንድ የሥራ ባለቤት ለቀን ሠራተኛው «ማርያምን፥ ቅዳሜ እከፍልሃለሁ» ይላል። ቅዳሜ ያልፋል፤ ሌላም ቅዳሜ ያልፋል፤ የሠራተኛው ልጆች በባዶ ማዕድ ያድራሉ። እሑድ ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ። ያ የሥራ ባለቤት ያንኑ ስም ጠርቶ ሲማጸን ሠራተኛው ከኋላው ቆሞ ይሰማል። የተወሰደበት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ሲሰማ ይጽናና የነበረ ልቡም ተወሰደበት። በሐሰት መሐላ ከሚደርሰው ጥፋት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ድኻ የሚጠጋበትን ስም ከድኻው አፍ ያስጥለዋል።

የዮሐንስ አፈወርቅ ትምህርት

ስለዚህ ነገር እጅግ የደከመ መምህር ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። በ379 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ387፥ በአንጾኪያ ከተማ አዲስ ግብር በተጣለ ጊዜ ሁከት ተነሣ፤ ሕዝቡም የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ጣለ። ንጉሡ ተቈጥቶ ከተማዪቱን ያጠፋታል ተብሎ ታላቅ ፍርሃት ሆነ፤ ጳጳሱ ፍላብያኖስም ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። ዮሐንስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበረ፤ የጾም ወራት ነበርና ሕዝቡን እያጽናና ይሰብክ ነበር። ስለ ሐውልቶቹ የተባሉት 21 ስብከቶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ሞት በደጃቸው ለቆመ ሰዎች ምን ነገራቸው ቢሉ፥ ደጋግሞ የመከራቸው መሐላን እንዲተዉ ነው። የነገሩ ምሥጢር ለሚያስተውል ሰው ግልጥ ነው፤ በፍርሃት የመጣ ንስሓ ፍርሃቱ ሲያልፍ ያልፋል፥ የታወቀ አንድ ልማድ ከሥሩ ሲነቀል ግን ፍሬው ይቈያል። በእነዚያው ስብከቶች ከሥጋ የሚጾም አፍ ወንድሙን በሐሜት ቢበላ ጾሙ እንደማይረባው አስተምሮአል። ንጉሡም በመጨረሻ ለከተማዪቱ ምሕረት አደረገላት። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ሥጋና ቅቤ የማይቀምስ ክርስቲያን በየገበያው ሐሰት ቢምል፥ ሆዱ ጾመ እንጂ አፉ አልጾመም።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፤ እግዚአብሔር ለአብርሃም በራሱ የማለ አይደለምን? ሐዋርያው ጳውሎስስ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጎ የጠራ አይደለምን?

መልስ፤ አዎን፤ ነገሩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 እና ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ምዕራፍ 6 ይገኛል። እግዚአብሔር የማለው ቃሉ ጠንካራ እንዲሆን አይደለም፤ የሰው ልብ ደካማ ስለ ሆነ ለእርሱ ድካም ወርዶ ማለ። ሐዋርያውም ስሙን የጠራው ስለ ምእመናን መዳን እንጂ ስለ ሸቀጥ ዋጋ አይደለም።

ጥያቄ፤ ዳኛ ምስክርነት ሲጠይቅ ማል ቢልስ?

መልስ፤ ጌታችን ራሱ ሊቀ ካህናቱ በሕያው እግዚአብሔር ስም ባማለው ጊዜ ዝም አላለም፥ እውነትን መለሰ። ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው፥ ሰው ሳይጠየቅ ከአፉ የሚያፈሰው ሌላ ነው። በዳኛ ፊት የቆመ ክርስቲያን ሊፈራ የሚገባው መሐላውን ብቻ ሳይሆን፥ በምስክርነቱ ርስቷ የሚሄድባትን ባልቴት ነው።

ጥያቄ፤ ሐሰት ሳልናገር፥ አፌ ስለ ለመደ ብቻ ብምልስ?

መልስ፤ ሲራክ በመጽሐፉ ምዕራፍ 23 አፍን መሐላ ማስለመድ እንደማይገባ የመከረው ለዚህ ነው። የለመደ አፍ ሳይመረምር ይምላል፤ ሳይመረምር የማለ አንድ ቀን በሐሰት መማሉ አይቀርም።

መድኃኒቱ

ልማድ በልማድ ይወጣል እንጂ በምኞት አይወጣም። መጀመሪያ፥ ከመናገር በፊት ጥቂት መዘግየት ነው። ሁለተኛ፥ በቤት ውስጥ አራሚ መሾም ነው፤ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው፥ ልጆችም ሳይፈሩ «አባባ፥ ማልህ» እንዲሉ ቢፈቀድላቸው መሐላው ቶሎ ይታወቃል። ሦስተኛ፥ «አላውቅም» እና «አይሆንልኝም» ማለትን መልመድ ነው፤ ብዙ ሐሰት የሚወለደው እነዚህን ሁለት ቃላት ከማፈር ነው። አራተኛ፥ በሐሰት መሐላ የወሰዱትን ለባለቤቱ መመለስና ለንስሓ አባት መናገር ነው፤ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቶአል። አምስተኛ፥ ልጅን ለሐሰት አለመላክ ነው። አባት ከጓዳ ተቀምጦ ልጁን «የለም በለው» ብሎ ወደ ደጅ ቢሰድደው፥ ልጁ በዚያን ቀን ሁለት ነገር ይማራል፤ መዋሸትን ይማራል፥ የአባቱ ቃል የማይታመን መሆኑንም ይማራል። በኋላ ያ አባት ስለ እግዚአብሔር ሲነግረው በምን ይመነው?

ይህን መድኃኒት የሚጀምር ሰው ኪሳራ እንደሚያገኘው አስቀድሞ ይወቅ። የማይምል ነጋዴ በሚምሉት መካከል ሲቀመጥ በመጀመሪያ ገበያው ይቀዘቅዝበታል፤ ሳይምል የተናገረውን ዋጋ ማንም አያምነውም። ጥቂት በጥቂት ግን አንዱ ገዢ ለሌላው ይነግራል፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ያለው አለ ነው ይባላል። ይህም ባይሆን፥ ከገንዘቡ የጎደለበት በስሙ ሞልቶለታል፤ ምእመን መባሉ በሥራ ተፈጸመለትና።

አዎን ብሎ አዎንን የሚጠብቅ ሰው ወደ ጸሎት በቆመ ጊዜ ቃሉ አይከብደውም። ካህኑ ጸሎቱን ሲፈጽም ሕዝቡ አሜን ይላል፤ አሜንም እውነት ነው፥ ይሁን ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በገበያ፥ በቤትና በሥራ የሐሰት አዎን ሲናገር የከረመ አፍ እሑድ ያንን ቃል በምን ኀይል ይናገረዋል? ሳምንቱን በእውነት የተናገረ ግን በቤተ መቅደስ የሚለው አሜን በገበያ ከተናገረው አዎን ጋር አንድ ነው። የእውነት አምላክ የምእመናንን አንደበት ይጠብቅ፤ በታናሹ ቃል የታመኑ አድርጎ በመንግሥቱ ይቀበላቸው፤ አሜን።